የዘይቱ መብራት መቼ መቼ ነው የሚበራው?

የመኪና ጥያቄና መልስ ዓምድ

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። ሦስቱም የሚጠይቁት በዳሽቦርዱ ላይ ስላለችው፣ የዘይት ማንቆርቆሪያ ስለተሳለባት ቀይ መብራት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ጉዳይ ስላለበት ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ከተማ መምህር ነኝ። እ.ኤ.አ. የ1983 ሞዴል የሆነች፣ 4ኬ ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የዘይት መብራቷ አንዳንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። ጧት ሳስነሣት ምንም የለም። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በተለይ የዓባይን በረሃ ወጥቼ ደጀን ላይ ሻይ ለመጠጣት ስቆም፣ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ላይ እያለች መብራቱ ይርገበገባል፤ ቤንዚን ትንሽ ረገጥ ሳደርግ ይጠፋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ወላጆቼ መንደር በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንኳ፣ ጉድጓድ ስመታ ለቅጽበት በርቶ ይጠፋል። አንድ መካኒክ «ስዊቹ ነው» ብሎ ለወጠልኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ከሆነች በኋላ ተመለሰባት። ሌላው «ሞተሩ ይውረድና ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ይቀየር» አለኝ፤ የጠየቀኝ ገንዘብ ግን የሚያስደነግጥ ነው። ዘይቷን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ጎድሎ አያውቅም። እንዲያውም ከሁለት ወር በፊት ከነበረው ከፍ ብሎ ስላየሁት «ይህቺስ ዘይት አትበላም» ብዬ ደስ ብሎኛል። ከሁለቱ ማንን ልመን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የሰጡን መኪናዎን ሊያመሰግኑ ብለው በጻፉት የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ነው። ዘይት ሳይጨመርበት ከፍ አይልም። ከፍ ካለ ሌላ ፈሳሽ ገብቶበታል ማለት ነው፤ እርሱም ወይ ቤንዚን ነው፣ ወይ ውኃ። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ፤ አስቀድመን ግን መብራቷ የምትለውንና የማትለውን እንለይ።

ይህች መብራት የዘይቱን መጠን አትለካም። ሞተሩ ጎን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዘይት ፊልትሮው አጠገብ፣ የተጠመደው ስዊች የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ግፊት አለ ወይም ግፊት የለም። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ስዊቹ የመብራቱን ሽቦ ከማሳ፣ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር፣ ስለሚያገናኘው መብራቱ ይበራል። ሞተሩ ተነሥቶ ዘይቱ ስዊቹን ሲገፋው ግንኙነቱ ይቋረጥና መብራቱ ይጠፋል። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ይህ የሚሆነው ግፊቱ 0.3 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። የመኪናዎ ጎማ ወደ 2 ባር የሚጠጋ ነፋስ እንደሚይዝ ቢያስቡ፣ መብራቱን ለማጥፋት የሚበቃው ግፊት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባዎታል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር እየዞረ ሲነዱ ቢያንስ 2.5 ባር መሆን የነበረበት ግፊት ወደ 1 ባር ቢወርድ፣ ብሮንዚኑ እየተበላ መብራቷ ግን ዝም ትላለች። መብራቷ ጠፍታለችና ሞተሩ ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በርታለችና ሞተሩ አልቆለታል ማለትም እንዲሁ። ዋናው ጥያቄ መቼ፣ በምን ሁኔታ ትበራለች የሚለው ነው፤ እርስዎም ይህን ከብዙ ጠያቂዎች በተሻለ ጽፈውልናል።

ግፊቱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። የዘይት ፓምፑ ሥራ ዘይት መግፋት ብቻ ነው፤ ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ ሲሄድ መተላለፊያው ስለሚጠበው ነው። በክራንክሻፍቱ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ እና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት በጤነኛ ሞተር ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከራስ ፀጉርዎ ውፍረት ያንሳል። መራዊ አካባቢ የኮጋን መስኖ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከላይ የሚመጣው ውኃ ያው ሆኖ፣ መሐል ላይ ያሉት መክፈቻዎች ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሰፋ ቢሉ፣ መጨረሻ ላይ ላለው ገበሬ የሚደርሰው ውኃ ያንሳል። ብሮንዚን ሲበላ የሚሆነው ይህ ነው። ልዩነቱ ዘይት እንደ ውኃ አለመሆኑ ነው፤ ሲሞቅ እጅግ ይቀጥናል፤ ቤንዚን ሲገባበት ደግሞ ይብስበታል፤ በቀጠነ ቁጥር በዚያው ክፍተት በኩል በቀላሉ ያመልጣል።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልግባ። እንደ እኔ ግምት ሁለቱ መካኒኮች ሊስማሙ ያልቻሉት መኪናዋ ሁለት በሽታ ስላለባት ነው፤ ሁለቱም በአንዲት መብራት ይናገራሉ። በኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጉድጓድ ሲመታ ለቅጽበት የሚበራው መብራት የግፊት ችግር አይመስልም። ዘይቱ እስከ ምልክቱ ድረስ ካለ፣ ቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት በአንድ ጉድጓድ ምክንያት ግፊቱን አያጣም። ይህ ከሞላ ጎደል የሽቦ ነገር ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የሽቦ ልባስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ወደ ስዊቹ የሚሄደው ነጠላ ሽቦ የሞተሩን ብረት በነካ ቁጥር ልክ ስዊቹ እንደተዘጋ ሆኖ መብራቱን ያበራዋል።

ይህን ያለ ምንም ወጪ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሞተሩን ሳያስነሡ ሽቦውን ከስዊቹ ይንቀሉና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልለው ምንም ብረት በማይነካበት ቦታ ይሰሩት። ቁልፉን ይክፈቱ፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ከዚያ አንድ ሰው ዳሽቦርዱን እየተመለከተ እርስዎ ሽቦውን ከስዊቹ ጀምረው ወደ ላይ በእጅዎ እያነቃነቁ ይከተሉት፤ በተለይ በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍበትንና በብረቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ጠንቅቀው ይፈትሹ። ውስጥ ያለው ሰው «በራ!» ባለበት ቦታ ላይ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ያገኛሉ። ሽቦውን ሲነቅሉ ሶኬቱ በዘይት የረጠበ ሆኖ ካገኙት ደግሞ አዲሱ ስዊች በውስጡ ዘይት እያሳለፈ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሁሉ ደኅና ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው በሽታ ግን ቀልድ አይደለም። ሞተር ሲሞቅ በሚኒሞ ላይ የሚርገበገብና ቤንዚን ሲረገጥ የሚጠፋ መብራት እውነተኛ የግፊት ማነስ መገለጫ ነው። ከድልድዩ ሥር ተነሥቶ ደጀን እስኪደረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል፤ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሙቀት ውስጥ። ዘይቱ ከምንጊዜውም በላይ የሚቀጥነው እርስዎ ሻይ ለመጠጣት በሚቆሙበት ሰዓት ነው፤ ፓምፑም በዚያው ሰዓት በትንሹ ዙር ይሽከረከራል። ሁለተኛው መካኒክ ብሮንዚን ያለው ይህን አይቶ ይሆናል፤ ሐሳቡ ስሕተት ነው አልልም። ዘይቱ ከፍ ብሏል ያሉት ነገር ግን ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ሌላ ቦታ እንድናይ ያስገድደናል።

ጧት ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያውጡና ያሽትቱት። ከጣሳ የቀዱትን አዲስ ዘይት በአንድ ጣትዎ፣ የሞተሩን ዘይት በሌላው ጣትዎ ያድርጉና ከአውራ ጣትዎ ጋር ያሹት። ቤንዚን የገባበት ዘይት ውኃ ውኃ ይላል፣ ጣት ላይ አይጎተትም፣ ሽታውም ራሱን ያጋልጣል። (ይህን ሲያደርጉ ሲጋራም ሆነ ኩራዝ አጠገብዎ አይኑር።) ሽታ ከሌለውና የዘይቱ መልክ ቡና በወተት ከመሰለ ግን የገባበት ውኃ ነው፤ ራዲያተሩም እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። በዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ትንሽ ነጭ ቅባት አያስደንግጥዎ፤ በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ከእንፋሎት የሚመጣ ነው።

ቤንዚን ከሆነ በእርስዎ ሞተር ላይ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው የቤንዚን ፓምፑ ነው። 4ኬ ላይ ያለው ፓምፕ በሞተሩ ጎን የታሰረ፣ ካምሻፍቱ የሚገፋው መካኒካል ፓምፕ ነው፤ በውስጡ ያለው ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) ሲቀደድ ቤንዚኑ ቀጥታ ወደ ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ይወርዳል፤ መኪናዋም ያለ ምንም አቤቱታ ትነዳለች። ሁለተኛው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። በጮቄ ብርድ ጧት የተጎተተው ቾክ (ሞተሩ በብርድ እንዲነሣ ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ) እስከ ቀትር ሳይመለስ ከቀረ ደግሞ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። የካንዴላዎቹ ጫፍ ጥቀርሻ ለብሶ ጥቁር ከሆነ ካርቡራተሩን ይጠርጥሩ፤ ካንዴላው ደኅና ሆኖ ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ፓምፑን ያስፈትሹ።

ቅደም ተከተሉን አደራ አይዘንጉ። በመጀመሪያ ቤንዚኑ የሚገባበት ይዘጋል፤ ከዚያ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ። ዘይቱን ብቻ ቀይሮ መንዳት ሁለት ሳምንት የሚቆይ ደስታ ነው። በነገራችን ላይ ስዊቹ ሲቀየር መብራቱ የጠፋበት ሁለት ሳምንትም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ መካኒኩ በዚያው ሰሞን ዘይት ቀይሮልዎት እንደሆነ ያስታውሱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሞተር ይውረድ የሚለው ቃል ከመነሣቱ በፊት፣ ግፊቱ በጌጅ ይለካ። ይህን ሳያደርግ ሞተር ላውርድ የሚልዎትን ሰው በትሕትና አመስግነው ይለፉት። ስዊቹ ይፈታና በቦታው መካኒካል ጌጅ ይታሰራል። የቶዮታ ስዊች ጥርስ የእንግሊዝ ባለ 1/8 ኢንች ሾጣጣ ጥርስ ነው፤ የአሜሪካው ባለ 1/8 በዓይን ሲታይ ያንኑ ይመስላል፣ ጥቂት ዙርም ይገባል፣ ከዚያ በኃይል ሲጠበቅ የሞተሩን ጥርስ ያበላሻል። በእጅ ለስለስ ብሎ ካልገባ ይቁም። ልኬቱ አንድ ጊዜ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሌላ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ በሚኒሞና በ3,000 ዙር ይወሰድ። ለብዙዎቹ የዚያ ዘመን የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች በሙቅ ሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ባር፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ይጠበቃል። ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ጥፋቱ የስዊች ወይም የሽቦ ነው። በሚኒሞ አንሶ በ3,000 ዙር ደኅና ከሆነ የቀጠነ ዘይት፣ ከመጠን በላይ የወረደ ሚኒሞ ወይም ጅምር ላይ ያለ የብሮንዚን መበላት ነው፤ እንዲህ ያለች መኪና ዘይቷ ንጹሕ ሆኖ ተጠንቅቀው ከነዷት ገና ብዙ ታገለግላለች። በሁለቱም ካነሰ፣ በተለይም ዳገት ላይ ከታች ድብ ድብ የሚል ድምፅ ካለ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው መካኒክ እውነት ተናግሯል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በጌጅ ሲታይ ግፊቱ መጀመሪያ ደኅና ሆኖ ዙሩ ሲጨምርና ሲቆይ የሚወርድ ከሆነ ፓምፑ የሚጠባበት ወንፊት ታፍኗል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በነበረችኝ አሮጌ መኪና ሦስት ስዊች ከቀየርሁ በኋላ ነው ከሥሯ የተኛሁት። ኮፓው መሐሉ ላይ የእንጀራ ምጣድ ክዳን ተገልብጦ የገባበት ያህል ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ አንድ የመንገድ ድንጋይ ገጭቶት ኖሮ ብረቱ ወንፊቱ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም። ኮፓው ሲወርድ ደግሞ ወንፊቱ ላይ የቀይ ሲሊኮን ፍርፋሪ ተለጥፎ ተገኘ፤ ቀደም ሲል ኮፓውን የገጠመው ሰው ሲሊኮኑን እንደ ማር ቀብቶት ነበር። ሦስቱም ስዊቾች ጤነኞች ነበሩ። ኮረኮንች ላይ የሚነዳ ሰው ስለ ዘይት ግፊት ከማሰቡ በፊት ጎንበስ ብሎ ኮፓውን ማየት ይገባዋል፤ ምንም አያስከፍልም።

እስከዚያው ድረስ፣ መብራቱ በሚኒሞ ላይ ብቻ ከሆነ ዘይቱን አስቀይረው ቀስ ብለው ወደ ጋራዥ ሊወስዷት ይችላሉ። በጉዞ ላይ በርቶ አልጠፋ ካለ ግን አሥር ሜትር እንኳ «እስከዚያች ዛፍ» አይበሉ። በዓባይ ቁልቁለት ላይ ከሆኑ በተራራው በኩል ጥግ ይዘው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ዘይቱን ይለኩ። ጎድሎ ከሆነ ይሙሉት፤ ሞልቶ ሳለ መብራቱ አልጠፋ ካለ መኪናዋ ተጎትታ ትውጣ።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ናፍጣ ነው። ጧት ሳስነሣው የዘይት መብራቱ አራት አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል፤ ቀን ላይ ቶሎ ነው የሚጠፋው። ጓደኞቼ ቁጥር 50 ዘይትና ከጣሳ የሚጨመር ማወፈሪያ አድርግበት አሉኝ። ልስማቸው?

መልስ፦ አይስሟቸው። የእርስዎ ችግር ከመምህሩ ተቃራኒ ነው፤ እርሳቸው ሞተሩ ሲሞቅ፣ እርስዎ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ። ደኅና ፊልትሮ በውስጡ ዘይቱ ሌሊት ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የሚከለክል የጎማ መዝጊያ አለው። ርካሽ በሆኑትና ብራንድ በሚመስሉት አስመሳይ ፊልትሮዎች ላይ ይህ ጎማ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ጨርሶ የለም። ሌሊት ፊልትሮው ባዶ ስለሚሆን ጧት ፓምፑ በመጀመሪያ እርሱን መሙላት አለበት፤ እነዚያ አራት አምስት ሰከንዶች ሞተሩ ዘይት ሳይደርሰው የሚፈጭባቸው ናቸው። ወፍራም ዘይት ቢጨምሩበት ለብርድ ጧት ይባስ ይዘገያል። በዚያ ላይ ማወፈሪያው ቀን ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎ እያሳየ እውነተኛውን መበላት ይሸፍናል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው። ታማኝ ከሆነ ሻጭ ደኅና ፊልትሮ ገዝተው ይቀይሩ፤ የፊልትሮው አቀማመጥ ከፈቀደ ሲያስሩት በዘይት ሞልተው ይሰሩት። በሚቀጥለው ጧት መብራቱ በአንድ ሁለት ሰከንድ ከጠፋ ነገሩ አለቀ። ካልጠፋ የመምህሩን ጌጅ ወደ እርስዎ እንልካለን። ጧት ሞተሩ እንደተነሣ ቤንዚን ይሁን ናፍጣ መርገጥ የሹፌሮች ልማድ ነው፤ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እግርዎን ያንሡ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሮጌ ኮሮላ ልገዛ ነው። ሻጩ «የዘይት መብራት በርቶባት አያውቅም» ይለኛል። እውነትም ቁልፉ ሲከፈትም ሆነ ሞተሩ ሲነሣ አይቼው አላውቅም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ቁልፉ ሲከፈት የማይበራ የዘይት መብራት እንደሌለ ይቆጠራል። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ሽቦው ተቆርጦ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን ከስዊቹ ነቅለው ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ጫፉን ሞተሩ ብረት ላይ ያስነኩት፤ በርቶ ከታየ ጥፋቱ የስዊቹ ነው፤ ካልበራ አምፖሉን ወይም ሽቦውን ያስፈትሹ። አምፖሉን ከባትሪው መብራት ጋር አገናኝተው አብሮ እንዲበራና አብሮ እንዲጠፋ የሚያደርጉም አሉ። ስለዚህ ጧት፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሻጩ ሞቅ እንዳያደርገው አስቀድመው ነግረው፣ ራስዎ ያስነሡት፤ የዘይቱና የባትሪው መብራት ሁልጊዜ በአንዲት ቅጽበት እኩል የሚጠፉ ከሆነ የስዊቹን ሽቦ ነቅለው ይሞክሩ። ሽቦው ተነቅሎ፣ ቁልፉም ተከፍቶ የዘይት መብራቱ አሁንም ከበራ፣ ከስዊቹ ጋር የተገናኘ ስላልሆነ ዋጋውን ከመነጋገርዎ በፊት ግፊቱን በጌጅ ያስለኩ።